ቄቧ እንቁላል የጀመረች ዕለት

ለቅበላ ነበር የገዛናት። ከታክሲ መውረጃው አጠገብ እግራቸው በገመድ ታስሮ ከተደረደሩት ዶሮዎች መካከል ባለቤቴ መርጣ፣ ዋጋ ተከራክራ፣ ቁልቁል አንጠልጥላ አመጣቻት። ቤት ደርሳ ላባዋን ገለጥ አድርጋ ደረቷን ስትዳብስ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ይህችማ ገና ቄብ ናት፤ አጥንቷ ብቻ ነው ያለው። አሥራ ሁለት ብልት ከየት አባቴ ላውጣ?» አለች። ሌላ ዶሮ ተገዛ፤ ታረደ፤ ተበላ። ሰኞ ጾም ገባ። ቄቧም ሳትለምን የሃምሳ አምስት ቀን ምሕረት አገኘች።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ጠባይዋ ተለወጠ። በአናቷ ላይ ያለው ግርጥት ያለ ሥጋ ደም መሰለ። ጥጋጥግ ትዞራለች፤ ካርቶን ውስጥ ትገባለች፤ ትወጣለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለራሷ የምታወራ ትመስላለች። ሰው ሲቀርባት ሮጦ ማምለጡን ትታ ክንፏን ከፈት አድርጋ ታጎነብስ ጀመር። አከራያችን እማማ ከደጃፋቸው ሆነው ሲያይዋት ሰንብተው «ልትጀምር ነው፤ ማረፊያ አብጁላት» አሉን። ከውኃ ጀሪካኑ ጀርባ አፉ የተቀደደ አሮጌ እንቅብ አስቀመጥን፤ ጭድ ጎዘጎዝንበት። ከምኩራብ እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ አሽካክታ ግቢውን አወከችው። ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። እንቁላሉ ከሱቅ እንቁላል በእጅጉ ያንሳል፤ ነጭም ቡናማም ለማለት ያስቸግራል፤ በአንድ ጎኑ እንደ ክር የቀጠነ የደም መሥመር ወርዶበታል። የመጀመሪያ ነውና መንገዱን የከፈተው እሱ ነው።

ጾም ስለሆነ አልተበላም። በመደርደሪያው ላይ፣ በስኳር ዕቃውና በመጻሕፍቴ መካከል፣ በሲኒ ተቀመጠ። አንባቢ ሆይ፣ የሚበላ እንቁላል ብዙ አያሳስብም፤ ተጠብሶ ያልቃል። የማይበላ እንቁላል ግን ዐይን ዐይንህን እያየ ይጠይቅሃል። በዲግሪ የተመረቅሁት በሒሳብ አያያዝ ነው፤ ቀን የምቆጥረው የሰው ገንዘብ ነው፤ ታሪክ የትርፍ ሰዓት ፍቅሬ ነው። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ የዶሮን ታሪክ ሳገላብጥ ከገጠመኝ ነገር ሁሉ በጣም የደነቀኝ ይህ ነው፤ ሰው ዶሮን ወደ ቤቱ ያስገባት ለእንቁላሏ አልነበረም።

የዶሮዎች ሁሉ እናት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የምትኖረው ቀይዋ የዱር ዶሮ ናት። እርሷ በአንድ ወቅት ከአራት እስከ ስድስት የሚሆን እንቁላል ጥላ ታቆማለች፤ ትታቀፋለች፤ ጫጩቶቿን ታሳድጋለች። በዓመት ውስጥ የምትጥለው ሁሉ ቢደመር ከደርዘን እምብዛም አይዘልም። ለእርሷ እንቁላል ማለት ልጅ ነው፤ ትርፍ የሚባል ነገር የለውም። የቀድሞ መጻሕፍት ይህች ወፍ ከሰው ጋር መኖር የጀመረችው ከስምንት ሺህ ወይም ከአሥር ሺህ ዓመት በፊት ነው ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው ሰፊ ጥናት ግን ከስድስት መቶ በላይ ከሆኑ የቁፋሮ ሥፍራዎች የወጣውን አጥንት እንደገና መርምሮ ዘመኑን በብዙ አሳጠረው። ጥርጥር የሌለበት የመጀመሪያው የቤት ዶሮ አጥንት የተገኘው በማዕከላዊ ታይላንድ፣ ባን ኖን ዋት በተባለ ሥፍራ ሲሆን፣ ዕድሜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ዘመን ይገመታል። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ በዚያ አገር ሰው ሩዝና ዳጉሳ መሰል እህል በደረቅ ማሳ መዝራት ጀመረ፤ እህሉ የፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ዶሮዋን ከጫካ ጠራት። ማንም አሳድዶ አልያዛትም። ጭራ ጭራ የመጣችው ራሷ ናት። «ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» የሚለው ተረታችን የተነገረው ለሌላ ነገር ቢሆንም፣ ይህን ሳነብ ትዝ አለኝ።

ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ሰው ሌላ ነገር ያይባት ነበር። አውራው ጎሕ ሲቀድ ይጮኻል፤ ይዋጋል፤ ላባው ያምራል። በፍልስጥኤም ምድር ቴል ኤን ናስቤ በተባለ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1932 የተገኘና «የንጉሥ አገልጋይ» የሆነ የያእዛንያን ስም የያዘ ማኅተም፣ በላዩ የተቀረጸበት ተዋጊ አውራ ዶሮ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ስድስት መቶ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። አቴናውያን «የፋርስ ወፍ» ይሏት ነበር፤ ሶቅራጥስም መርዙን ጠጥቶ ሊሞት ሲል ለመድኃኒት አምላክ ለአስክሊፒዮስ የሚሰጥ አውራ ዶሮ ዕዳ እንዳለበት ማሳሰቡን አፍላጦን ጽፎልናል። ሮማውያን ደግሞ ከውጊያ በፊት የተቀደሱ ዶሮዎችን እህል እየሰጡ የአማልክቱን ፈቃድ ይመረምሩ ነበር። በ249 ከክርስቶስ ልደት በፊት ፑብሊየስ ክላውዲየስ ፑልከር የተባለው የባሕር አዛዥ ዶሮዎቹ አንበላም ቢሉት «ካልበሉ ይጠጡ!» ብሎ ባሕር ውስጥ ወረወራቸው ይባላል። በዚያው ቀን በሲሲሊ ዳርቻ በድሬፓና መርከቦቹን አጣ። እኔ በዶሮ መቅረት ብቻ የተሸነፈ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ሮማ ታሪኩን ትረሳው ዘንድ አልፈቀደችም።

ወደ ሰሜን ሲወጣ ነገሩ ይብስ ይገርማል። ዩልየስ ቄሣር የብሪታንያ ሰዎች ጥንቸል፣ ዶሮና ዝይ መብላትን እንደ ነውር እንደሚቆጥሩና ለደስታ ብቻ እንደሚያረቧቸው ጽፏል። የዛሬ ተመራማሪዎችም በአውሮፓ የተገኙት የጥንት ዶሮዎች ብዙዎቹ የቢላ ምልክት የሌለባቸው፣ ሙሉ አካላቸው የተቀበረ፣ አንዳንዶቹም አርጅተው የሞቱ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። እንግዲህ በእኛ መደርደሪያ ላይ በሲኒ ተቀምጦ የሚታየው ያልተበላ እንቁላል ዘመድ የሌለው አይደለም።

ወደ አገራችን የመጣችውስ መቼ ነው? ይህን ጥያቄ መመለስ የሚያስቸግርበት አንድ ምክንያት ጅግራና ቆቅ ናቸው። ሁለቱም የምድራችን ወፎች ናቸው፤ ሁለቱም ይታደኑ ነበር፤ አጥንታቸውም ከዶሮ አጥንት ጋር እጅግ ይመሳሰላል። በትግራይ ምሥራቃዊ ክፍል በአዲግራት አካባቢ፣ መዝበር በተባለች ከአክሱም መንግሥት በብዙ መቶ ዓመታት በምትቀድም መንደር የተደረገው ቁፋሮ ግን ጥርጣሬውን አቃለለው። ሔሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት በዚያ ከተገኙት የወፍ አጥንቶች መካከል የዶሮ አጥንት ለይተው አሳይተዋል፤ ዕድሜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው የመጨረሻ ሺህ ዓመት መጀመሪያዎቹ ክፍለ ዘመናት ላይ ይውላል። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ከተገኙት እጅግ ከጥንቶቹ አንዱ ነው። በቀይ ባሕር ተሻግራ ሳትመጣ እንዳልቀረች ይገመታል። ቄሣር ብሪታንያ ሲደርስ እንግዲህ የእኛ ዶሮ በትግራይ ደጋ ላይ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ስትጭር ኖራለች ማለት ነው። ስሟም ያረጀ ነው፤ ግዕዙ ዶርሆ፣ ትግርኛው ደርሆ፣ አማርኛው ዶሮ፤ ጴጥሮስ ጌታውን በካደባት ሌሊት በግዕዙ ወንጌል የሚጮኸውም ይኸው ዶርሆ ነው።

የመዝበር ሰዎች እንቁላሏን ይበሉ እንደነበር አጥንቱ አይነግረንም። እንቁላል ቅርፊት ነውና ይደቅቃል፤ ይጠፋል። ከታሪክ ላይ ተፍቆ የሚጠፋው ሁልጊዜ በሴቶች እጅ የሚያልፈው ነገር መሆኑ ያስቆጨኛል፤ የንጉሥ ማኅተም ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ሲቆይ፣ ማለዳ ከጭድ ውስጥ በእጇ ዳብሳ ሙቁን እንቁላል ያነሣችው ሴት አንድ ምልክት እንኳ አልተወችም።

እንቁላልና ሥጋ ዋና ነገር መሆን የጀመሩበትን ዘመን የሚያሳይ ጥርት ያለ ማስረጃ የተገኘው በእስራኤል፣ ማሬሻ በተባለች የግሪኮች ዘመን ከተማ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከአራተኛው እስከ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በዚያ ከሺህ የሚበልጥ የዶሮ አጥንት ተከማችቷል፤ የቢላ ምልክት አለበት፤ ከሁሉም በላይ እንስቶቹ ከአውራዎቹ በእጥፍ ይበልጣሉ። ለውጊያ የሚያረባ ሰው አውራ ያበዛል፤ እንስት ያበዛ ሰው ዐይኑ እንቁላሉ ላይ ነው። በዚያው ዘመን ግብፅ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፋ ነበር። አርስጣጣሊስ በግብፅ እንቁላል በፋንድያ ውስጥ ተቀብሮ ያለ እናት እንደሚፈለፈል ጽፏል። ከዚያም በኋላ ግብፃውያን ከጭቃ ጡብ የተሠሩ ምድጃዎች አቁመው በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ያስፈለፍሉ ነበር። የሙቀት መለኪያ አልነበራቸውም፤ ሠራተኛው እንቁላሉን አንሥቶ በዐይኑ ቆብ ላይ ያስደግፈዋል፤ ሙቀቱ ልክ መሆኑን ከዚያ ያውቃል። ሬኦሙር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1749 ስለ ምድጃዎቹ መጽሐፍ እስኪጽፍና ራሱም እስኪሞክረው ድረስ አውሮፓ ይህን ጥበብ አልቻለችበትም ነበር።

የግብፅ ምድጃ ያመጣው ለውጥ ቀላል አይምሰልህ። እስከዚያ ድረስ በየጎጆው ጥግ አንድ ያረጀ ጥያቄ ነበር፤ ይህ እንቁላል ይበላ፣ ይሸጥ ወይስ ይታቀፍ? ዶሮዋ መታቀፍ ስትጀምር መጣል ታቆማለች። እንቁላል የፈለገ ሰው ጫጩት ያጣል፤ ጫጩት የፈለገ እንቁላል ያጣል። ምድጃው የመታቀፉን ሥራ ከዶሮዋ ላይ ወሰደላት፤ የቀራት መጣል ብቻ ሆነ።

ሌላው ማሠሪያዋ ብርሃን ነበር። የዱሯ ዶሮ ቀን ሲረዝም ትጥላለች፤ ቀን ሲያጥር ታቆማለች። የዛሬዎቹ የቤት ዶሮዎች ግን ከዚህ የወቅት እስራት የሚያላቅቃቸው አንድ ዘረ መል በደማቸው አለ። ተመራማሪዎች በአውሮፓ የተገኙ የጥንት ዶሮዎችን ዘረ መል ሲመረምሩ፣ ይህ ጠባይ እዚያ በፍጥነት የተስፋፋው ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ወዲህ ሆኖ አገኙት። ምክንያቱንም ከከተሞች ማደግና የባለ አራት እግር እንስሳን ሥጋ ከከለከለው የገዳማት የጾም ሥርዓት ጋር አያይዘውታል፤ ዶሮ ሁለት እግር ናትና ከእገዳው አምልጣለች። በዐቢይ ጾማቸው ግን እንቁላልም አይበላም ነበር፤ ለፋሲካ እንቁላል ማቅለም የመጣው ያን ጊዜ ከተከማቸው ክምር እንደሆነ ብዙዎች ይናገራሉ። ጾም የዶሮን ደም ለወጠ ብሎ ማሰብ እንዴት ያለ ነገር ነው!

የእኛ ጾም ዶሮን ከነእንቁላሏ ይከለክላልና ታሪኩ በእኛ ዘንድ በሌላ መንገድ ሄደ። ብርሃኑም ቢሆን ለእኛ ዶሮ ትርጉሙ ትንሽ ነው፤ በአዲስ አበባ የረዥሙ ቀንና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። የአበሻ ዶሮ ዓመቷን የምትለካው በፀሐይ ሳይሆን በአውድማና በዝናብ፣ በገበያና በጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ሰኔ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፤ ዶሮዋ ይህን አታውቅም፤ በየጾሙ መጣሏን አታቆምም። በሁዳዴ እንቁላል ይረክሳል፤ ሙስሊም ጎረቤቶች ይገዛሉ፤ የቀረው ይታቀፋል። ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ዋጋው ጣራ ይነካል። ባለ እንቁላሏ ሴት በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እንደ ነጋዴ ታሰላዋለች።

በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በሩን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ዶሮ ከእርሱ በፊት የሴቶች የቁጠባ ደብተር ሆና ኖራለች፤ ዛሬም በገጠሩ እንዲሁ ናት። በሬው የባል ነው፤ እህሉ የቤቱ ነው፤ የዶሮዋ ገንዘብ ግን የጨው፣ የጋዝና የልጅ ደብተር መግዣ ሆኖ በሴትየዋ መቀነት ጫፍ ይቋጠራል።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሃያኛውን ክፍለ ዘመን ታሪክ አጠር አድርጌ ልለፈው፤ ሁሉም በየሱቁ የሚያየው ነውና። የኤሌክትሪክ መብራት ቀኑን አረዘመ፤ ቫይታሚን ዲ በመኖ ውስጥ ሲጨመር ዶሮዋ ፀሐይ ሳታይ በቤት ውስጥ መኖር ቻለች፤ መታቀፍን የሚወድ ዘር ሁሉ እየተለየ ተጣለ። ዛሬ የፈረንጅ ዶሮ የምንላት በዓመት ከሦስት መቶ በላይ ትጥላለች። አንዱን እንቁላል ለማበጀት አንድ ቀን ያህል ይፈጅባታል፤ ከዚያም ሃያ ሰዓት የሚሆነው ቅርፊቱን ለማልበስ ነው፤ ለቅርፊቱ የሚሆነውን ካልሲየም ሌሊት ከገዛ አጥንቷ ትበደራለች። ብድሩ በየዕለቱ ስለሆነ አጥንቷ ይሰበራል። ኋይት ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የተባሉት ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ወደ አገራችን ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቦቫንስ ብራውንና ሳሶ መጡ። ብዙ ቤት መግበዋልና አልነቅፋቸውም። የአበሻ ዶሮ ግን በዓመት ከአርባ እስከ ስድሳ ጥላ፣ በየመካከሉ «አሁንስ በቃኝ፤ ልታቀፍ» ትላለች። በደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ከሆሮ የተመረጠው የአገር ውስጥ ዝርያ የሚሻሻለው ለዚህ ነው፤ እንቁላሏ እንዲጨምር።

ይህን «በቃኝ» የምትለዋን ዶሮ እኔ አንድ ጊዜ በድያታለሁ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የእንቁላሉን ሒሳብ የምትይዘው በከሰል ነበር፤ ዶሮዋ በጣለች ቁጥር በግድግዳው ላይ አንድ ጭረት። እንቁላሉን በእህል ውስጥ ትቀብረዋለች፤ የሚታቀፈውን በጆሮዋ አጠገብ ነቅንቃ፣ በመጠኑና በቅርጹ ለይታ ታወጣለች። ከአሥራ ሁለት ዘጠኝ ቢፈለፈል፣ ከዘጠኙ ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ድርሻቸውን ወስደው አራት ቢተርፍ «ተመስገን» ትላለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ የሚሄደው በዚህ ሒሳብ ነው፤ ባንክ ከምንከፍለው ወለድ ይልቅ ይበልጣል፤ አደጋውም እንደዚያው።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ገብስማ ዶሮ ነበረችን። ለሚኒስትሪ ፈተና ጉርድ ፎቶግራፍ አምጡ ተባለ። ፎቶ ቤት ያለው ከተማ ነው፤ የመኪና መሳፈሪያም ያስፈልጋል። ሰሞኑን ገብስማዋ በአሥራ ሦስት እንቁላል ላይ ከተኛች ገና ሁለት ቀኗ ነበር። ዓርብ ማታ ለእናቴ ነገርኋት፤ ምንም አላለችም። ሌሊት ኩራዝ ይዛ ስትነሣ ሰማሁ። ዶሮዋ ቁጣዋን ስታሰማ፣ እናቴም «ዝም በይ እናቴ፣ ዝም በይ» ስትላት ሰማሁ። ቅዳሜ ማለዳ አሥራ ሦስቱ እንቁላል በጭድ ተጠቅልሎ ገበያ ወጣ። ዶሮዋ ባዶው ጎጆ ላይ ሦስት ቀን ተኛች። እንድትተወው ቁልቁል ሰቀሏት፤ ጎረቤት ወስደው አሳደሯት፤ ተመልሳ ባዶው ላይ ትተኛለች። ኋላ ተስፋ ቆርጣ ተነሣች። እንደገና መጣል ሳትጀምር ግን ፈንግል ገባ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ በመንደሩ ዶሮ የሚባል ጠፋ። በእኔ ሙያ ቋንቋ ወለዱም ዋናውም አንድ ላይ ጠፋ ይባላል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በቤታችን ዶሮ አልነበረም። ፎቶው ግን ዛሬም አለኝ፤ የሸሚዜ አንገትጌ ተጣምሟል፤ ዐይኔ ከመብራቱ የተነሣ ተጨፍኗል ለማለት ይቻላል። ፈተናውን አልፌአለሁ።

ያን ጊዜ የሆነው ነገር ምን እንደነበረ የገባኝ ዘንድሮ ነው፤ ቄቧ አሥራ አንደኛውን እንቁላል በጣለች ማታ ለእናቴ ስደውል።

«እማዬ፣ የገዛናት ቄብ እንቁላል ጀመረች።»

«እሰይ! ስንት ሆነ?»

«አሥራ አንድ። ጾም ነው፤ ተቀምጧል።»

«አውራ አለ?»

«ከጎረቤት አጥር ዘሎ ይመጣል።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቀኛለህ? የፊተኞቹን ተዉአቸው፤ ትንንሽ ናቸው፤ ደግሞም ቆይተዋል። የኋለኞቹን ስምንቱን አስታቅፏት። በቀን አታስቀምጧት፤ ማታ ነው፤ ጨለማ ሲሆን እሺ ትላለች።»

ጥቂት ዝም አልሁና «እማዬ፣ ያቺ ለፎቶዬ እንቁላሏን የሸጥሽባትን ዶሮ ታስታውሻታለሽ?» አልኋት። ሌላ ነገር የምታነሣ፣ ወይም «ምን ሆነህ ነው እሱን የምታነሣው» የምትል መስሎኝ ነበር።

«ገብስማዋን?» አለች። «እሷ እኮ ጥሩ እናት ነበረች። ከሥሯ ሳወጣባት አልነከሰችኝም፤ ታየኝ ነበር።» ከዚያ ስለ ልጆች ጤና ጠየቀችኝ።

ከደብረ ዘይት እሑድ በኋላ በዋለው ሐሙስ፣ ማታ፣ መብራት አጥፍተን ስምንቱን ከሥሯ አደረግን። ሃያ አንድ ቀን ብንቆጥር በጸሎተ ሐሙስ ላይ ይውላል። ቄቧ ወይም ከእንግዲህ ዶሮዋ ልበላት፣ ላባዋን ነፍታ፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለእህልና ለውኃ እየተነሣች፣ በአሮጌው እንቅብ ውስጥ ተኝታለች።

አርስጣጣሊስ የሚታቀፉ እንቁላሎችን በየቀኑ አንድ አንድ እየከፈተ ውስጡን ተመልክቶ ነበር፤ ከሦስተኛው ቀንና ሌሊት በኋላ ልብ እንደ ደም ነጥብ ሆኖ በነጩ ውስጥ እንደሚታይና እንደ ሕያው እንደሚዘል ጽፏል። እኔ መክፈት አላስፈለገኝም። በሰባተኛው ሌሊት ክፍሉን አጨልመን፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ከሥሯ እያወጣሁ በስልኬ መብራት ላይ አስደገፍኋቸው። በማንቆሯ እጄን ሁለት ጊዜ ወጋችኝ። በመጀመሪያው ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ ሥሮች ነበሩ፤ በመካከላቸውም አንድ ጥቁር ነጥብ ተንቀሳቀሰች። ሁለተኛውም እንዲሁ። አምስተኛውና ሰባተኛው ጥርት ብለው ብርሃኑን እንዳለ አሳለፉት፤ እነርሱንም መልሼ ከሥሯ አኖርኋቸው።

«ስንት ናቸው?» አለችኝ ባለቤቴ በጨለማው ውስጥ።

«ስድስት።»

ከሰል አንሥታ ከጀሪካኑ በላይ በግድግዳው ላይ ስድስት ጭረት አሰመረች።